ማንም ያላስነሳት ዳኛ

ጥሩሐረግ ዳኛ ሆና ሰቆጣ ከገባች ወዲህ የአባቷ የቢሆነኝ አረማመድ ተለውጧል ይባል ነበር። ገበያ ሲወርድ መንገዱ በዚያ ባይሆንም በፍርድ ቤቱ በኩል ዞሮ ያልፋል። በር ላይ ለቆመው ጥበቃ ሰላምታ ይሰጥና ልጁ መግባቷን ይጠይቃል። ገብታለች ሲሉት ጋቢውን አስተካክሎ ይሄዳል። አስጠርቷት አያውቅም፤ ውስጥ መኖሯን ማወቁ ይበቃዋል። እቤቱ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ አፏን የፈታች፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የለመደች ልጅ ዛሬ ካባ ለብሳ ስትናገር ሰው ቆሞ ይሰማታል።

ክሱ የመጣው ከክረምቱ ጎርፍ በኋላ ነው። የቢሆነኝን ማሳ ከጎረቤቱ ከደብሬ ማሳ የሚለየው አንድ ወንዝ ነው። ደብሬ ባሏ የሞተባት፣ መሬቷን ለሰው በእኩል እያሳረሰች የምትኖር ሴት ናት። በዚያ ክረምት ወንዙ የቆየ መሄጃውን ትቶ ወደ ደብሬ ማሳ ገባና ከመሬቷ ላይ ደህና ቁራጭ ቆርጦ በቢሆነኝ ወገን አስቀረው። ቢሆነኝም ውሎ ሳያድር በሬዎቹን አስገብቶ እስከ አዲሱ ውሃ ድረስ አረሰ፤ ሽምብራም ዘራበት። ሽማግሌዎች መጥተው ቢለምኑት፣ ወሰናችን ወንዙ ነው፣ ወንዙ እስከሄደበት ድረስ የእኔ ነው ብሎ ድርቅ አለ።

ደብሬ ልትከስ ስትነሳ ያልመከራት ሰው የለም። ዳኛዋ የገዛ ልጁ፣ ማን ላይ ልትፈርድ ነው፣ ድካም ብቻ ነው የሚተርፍሽ አሏት። እሷ ግን ባይፈረድልኝም ተናግሬው ይውጣልኝ ብላ ሄደች። ቢሆነኝ ስለ ነገሩ ለልጁ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ሰዎች ያንተ ነገርማ ያለቀ ነው ሲሉት ግን ፈገግ ይላል እንጂ አላለቀም አይልም።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ችሎቱ ከመንደሩ ተከትሎ በመጣ ሰው ሞልቷል። ጥሩሐረግ ገብታ ስትቀመጥ ቢሆነኝ አንገቱን ቀና አደረገ። ልጁ ግን እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ አየችው። የከሳሽንና የተከሳሽን ስም ጠራች። ደብሬ አማርኛ ስለማትሰማ አስተርጓሚው ወንዳወቅ ከጎኗ ቆመ። ጥሩሐረግ መዝገቡን ገልጣ ካየች በኋላ ድምፅዋን ሳትለውጥ ተናገረች።

«በዚህ መዝገብ ተከሳሹ ወላጅ አባቴ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ ችሎት ተነስቻለሁ። መዝገቡ ለሌላ ዳኛ ይመራ።»

ቢሆነኝ ደነገጠ። ተነሳ ማለትን የሚያውቀው በአንድ ፍች ብቻ ነው። ያለፈው ዓመት የቀበሌው ሊቀ መንበር ተነሳ ሲባል፣ ሰውየው ማኅተሙን አስረክቦ አንገቱን ደፍቶ ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው። ልጁን ያን ሁሉ ዓመት አስተምሮ እዚህ ወንበር ካደረሳት በኋላ፣ በአንዲት ቁራጭ መሬት የተነሳ ከሥራዋ ማስወጣቱ መሰለው። ከኋላው ያለው ሰውም አጉረመረመ።

ወንዳወቅንም ያው ነገር አሳሳተው። ለደብሬ በኽምጣንጋ ሲነግራት፣ ዳኛዋ በአባቷ ምክንያት ከሥልጣኗ ተነሳች አላት። ደብሬ ፊቷ ተለዋወጠ። ነጠላዋን ያዝ አድርጋ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች።

«እኔ ይቺን ልጅ ከእንጀራዋ ላፈናቅል አልመጣሁም» አለች በኽምጣንጋ። «እንዲህ ከሆነ ክሴ ይቅር። መሬቱንም ይውሰደው።»

ቢሆነኝ ይህን ሲሰማ የሚገባበት ጠፋው። ከሳ ያቆመችው ሴት የእሱን ልጅ ለማዳን መሬቷን ልትሰጥ ነው።

ጥሩሐረግ ኽምጣንጋውን ማንም ሳይተረጉምላት ሰምታለች። ነገር ግን የችሎቱ ቋንቋ አማርኛ ነውና በአማርኛ ለአስተርጓሚው ተናገረች።

«አቶ ወንዳወቅ፣ እኔ አልተሻርኩም። ነገም እዚሁ ነኝ። የተነሳሁት ከዚህ መዝገብ ብቻ ነው፤ ያስነሳኝም ሰው የለም። እባክዎ እንደገና ይንገሩልኝ።»

ወንዳወቅ ለዚህ የሚሆን አንድ ቃል በኽምጣንጋ ቢፈልግ አጣ። ቆይቶ ቃሉን መፈለጉን ተወውና ነገሩን ራሱን፣ አንድ ሰው እደጁ ለጎረቤቱ እንደሚያወራው አድርጎ ለደብሬ ነገራት። ዳኛዋ የምትልሽ ይህን ነው አላት። ከተካሰሳችሁት አንዱ የወለደኝ ነው። አባቴ በቆመበት ነገር እውነት ብፈርድ እንኳ ማን ያምነኛል? አንቺም ያለ ጥርጣሬ አታድሪም። ማንም ተነሺ ሳይለኝ ራሴ ይህን ወንበር ለቅቄያለሁ። ለሁለታችሁም ባዕድ የሆነ ሰው ይቀመጥበትና ይፍረድ።

ነገሩ የተነገረው ለደብሬ ነበር፤ በደንብ የገባው ግን ለቢሆነኝ ነው። በአማርኛ ሲሰማው ያስደነገጠው ቃል በእናቱ ቋንቋ ሲመጣ ሌላ ሆነ። ሰው ከወንበር ሲገፋ እንጂ በገዛ እጁ ሲለቅ አይቶ አያውቅም። ልጁ ይህን አደረገች፤ ያውም እሱ ፈገግ እያለ ይመካበት በነበረው ነገር። ኩራት ደረቱን ሞላው። ዳኛ ሆነች የተባለ ዕለት እንኳ እንዲህ አልሆነም።

ደብሬ ለዳኛዋ እጅ ነሳች። ከዚያ ወደ ቢሆነኝ ዞረች።

«ቢሆነኝ፣ ልጅስ ወልደሃል» አለችው።

እሱም ጋቢውን አስተካክሎ የመንደሩን መንገድ ጀመረ።

ዳኛዋ ተሻረች የሚለው ወሬ ግን ከእሱ ቀድሞ መንደር ገብቶ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ አይዞህ ይለው ጀመር። መሪጌታ አሥራተ ማርያም ሳይቀሩ እጁን ይዘው፣ እግዜር ሌላ ሥራ ይሰጣታል ብለው አጽናኑት። ቢሆነኝ ግን ቀና ብሎ፣ ልጄ ተነሳች እንጂ አላስነሷትም፣ ራሷን ነው ያነሳች አላቸው። መሪጌታው ለጊዜው አልገባቸውም። ቄስ ንጽሕና ሲጎድለው ራሱን ከመቅደስ እንደሚያርቀው ያለ ነው ወይ ሲሉ ጠየቁት።

«እንደሱም አይደል» አለ ቢሆነኝ። «እሷ የጎደለባት የለም። ይጎድልባት ይሆናል ብሎ ሰው እንዳይሰጋ ነው።»

መሪጌታው ጥቂት አሰቡና፣ ይህስ ከበድ ያለ ነው አሉ። ቢሆነኝም ላልሰማው ሁሉ በአማርኛም በኽምጣንጋም ሲያስረዳ ዋለ፤ ሰዉ ከገባው በኋላ እንኳ አላቆመም።

መዝገቡ የተመራለት ዳኛ ሰው የማያውቀው የሩቅ አገር ልጅ ነበር። እስከ ማሳው ድረስ በእግሩ መጥቶ የወንዙን የድሮ መሄጃ አየ፤ ድንጋዩ ነጭ ሆኖ እንደተደረደረ አለ። ሽማግሌዎችን ጠይቆ ለደብሬ ፈረደ። ቢሆነኝ ይግባኝ አላለም። ወሰኑ ሲተከል ዶማውን ይዞ ወርዶ ጉድጓዱን ራሱ ቆፈረ፤ የዘራውንም ሽምብራ ለደብሬ ተወላት።

ጥሩሐረግ ለሚካኤል ንግሥ ስትመጣ አባቷ ይቀየመኛል ብላ ፈርታ ነበር። እሱ ግን በሬዎቹን እያሰረ፣ እንዲያው ከደስታ ብዛት ሊነካካት ፈልጎ ጠየቃት።

«አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ለማን ትፈርጂ ነበር?»

«ከተነሳሁበት ነገር ውስጥ መልሰው አያስገቡኝ፣ አባ» አለችው። «ዛሬም አልናገርም።»

ቢሆነኝ የበሬውን አንገት መታ መታ አድርጎ ሳቀ። ማታ ዝክር ቤት ሲቀመጥ መጀመሪያ ያወራው ይህንኑ መልሷን ነው። ስለ መሬቱ የጠየቁትን ሰዎች ግን፣ እሱማ ተፈርዶብኝ ደብሬ ወሰደችው ብሎ በአጭሩ አለፋቸው።