ከበር የተመለሱት መምሬ

ሸዋወርቅ መምሬ አብተውን ዛሬም ከበር መለሰቻቸው።

«ተኝተዋል፣ መምሬ። ሲሻላቸው እልክብዎታለሁ።»

መምሬ ቀና ብለው አዩዋት። መስቀላቸውን አሳለሟትና አቧራማውን መንገድ ይዘው ወደ ቀበሌ ስብሰባቸው ሄዱ።

አባቷ አቶ ወልደአማኑኤል በናዝሬት ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው። አሁን ጨጓራቸውን ታመው አልጋ ላይ ከዋሉ ሰንብተዋል። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋቸዋል ብሏል፤ ግን እንዲህ ከስተው አይችሉትም፤ እስከ ሐሙስ ወተትና እንቁላል እየወሰዱ ይበርቱ ሲል አዟል። ጊዜው ደግሞ ሁዳዴ ነው። ንስሐ አባታቸው መምሬ አብተው ሳይፈቅዱላቸው አቶ ወልደአማኑኤል ወተት አይቀምሱም።

ሸዋወርቅ ይህን አጥታው አይደለም። እናቷ የታመመች ጊዜ ቄስ በገቡ በማግስቱ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ከሕመምተኛ ራስጌ ጥምጥም ስታይ ሞት ራሱ የገባ ይመስላታል። አባባም ቄሱን ሲያዩ ያለቀላቸው ይመስላቸዋል ብላ ፈራች።

ወተቱን አቀረበችላቸው።

«መምሬ ፈቅደዋል፣ አባባ። ይጠጡ።»

«የት አግኝተውኝ ነው የፈቀዱት?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጎረቤታቸው እትዬ በድሪያ አጥሚት ይዘው መጡ። «ቅቤ አልነካውም፤ ጾማችሁን አውቃለሁ» አሉ። እሱም ሳይቀመስ ቀረ። ሲወጡ ሸዋወርቅን ጓሮ ጎተቷት።

«ቄሳችሁ የት ጠፉ? እኛ ዘንድ ሰው ታሞ ያልጠየቀ ሼህ አንድ ሰሞን ሙሉ ይታማል!»

«እኔ ነኝ የመለስኳቸው። አባባ እንዳይደነግጡ ብዬ።»

«አይ አንቺ! አስተማሪ ሆነሽ ደግሞ! አባትሽ ድምፃቸውን ሰምተዋል እኮ። አሁን ‹ቄሱ እንኳን ተስፋ ቆርጠውብኝ ከበር ይመለሳሉ› አሉኝ።»

ሸዋወርቅ ነጠላዋን እንኳን ሳታስተካክል ሮጠች። መምሬን ከቀበሌው ደጃፍ ሲወጡ አገኘቻቸው። እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ያዟት።

«ተነሽ፣ ልጄ። እስብሰባው ላይ ለመፈክር ግራ እጄን ሳነሳ ስጥል አርፍጃለሁ፤ ቶሎ እንሂድ።»

መምሬ ገና የቤቱን በር ሳያልፉ ጮኹ። «ወልደአማኑኤል! ጾመህ ጾመህ መላእክቱን ልታሳፍር ነው እንዴ?»

ሕመምተኛው ዞሩ። «ተስፋ የቆረጡብኝ መስሎኝ ነበር፣ መምሬ።»

«እኔ ነኝ የመለስኳቸው፣ አባባ» አለች ሸዋወርቅ። «ሲያዩዋቸው የሚሞቱ እንዳይመስልዎት ብዬ ነው።»

አቶ ወልደአማኑኤል ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እኔስ የምሞት የመሰለኝ ሳጣቸው ነው።»

መምሬ ጸሎት አድርሰው በመስቀላቸው ባረኳቸው። «እስክትድን ድረስ ጾምህ ወተት መጠጣት ነው። ትእዛዝ ነው።»

«እንቁላሉም?»

«እንቁላሉም።»

«ሥጋስ?»

«አሁንስ አበዛኸው!»

ሳቁ ሲበርድ አቶ ወልደአማኑኤል ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁ። «ከኦፕራሲዮኑ ባልወጣስ?»

ይህ ጥያቄ እንዳይነሳ ነበር ሸዋወርቅ በር ስትዘጋ የከረመችው።

መምሬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ብትወጣ እኔ ደጅ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ባትወጣ ጌታ ራሱ ይቀበልሃል። ሰው የሌለበት በር የለህም፣ ወንድሜ።»

አቶ ወልደአማኑኤል እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ። «በይ፣ ወተቱን አምጪው። አሙቂው ግን።»

ሐሙስ ዕለት ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ የልብ ምታቸውን አዳምጦ «በርትተዋል» አለ። ቃሬዛው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ሲገፋ ሸዋወርቅ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። አባባ ደህና መስለዋል፤ እንዲያውም ነርሷን ስለ አገሯ ይጠይቁ ነበር።

በሩ ተዘጋ። እስከ ዛሬ ጸሎቷ «አትውሰድብኝ» ብቻ ነበር። አሁን ከመምሬ አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና «ጌታ ሆይ፣ አብረሃቸው ግባ» አለች። እንዲህ ካለች በኋላ መጠበቅ ቻለች።