ረቡዕና ዓርብን የሚያውቅ በሽታ

የልጄ የሶፊ በሽታ ቀን ያውቅ ነበር። ሰኞ ደህና ናት፣ ማክሰኞ ደህና ናት፤ ረቡዕ ረፋድ ላይ ከስፌት መኪናዋ ላይ ይጥላታል። ሐሙስ ሰላም ትውላለች፣ ዓርብ ደግሞ እንደገና። በየሳምንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሲመጣ ግን ከእነዚህ ሁለት ቀናት ውልፍት አይልም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ የጾም ቀን መርጦ የሚጥል ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም።

ለባለቤቴ ለአልማዜ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። «በሽታ ጾምን ከየት ያውቃል?» ትለኛለች። «ረቡዕና ዓርብን የሚጠላው ማን እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ። ስሙን በቤቴ አልጠራም እንጂ!»

እኔ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ የቧንቧና የባኞ ቤት ዕቃ እሸጣለሁ። የሱቄን ግማሽ ለሶፊ ለቅቄላት የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋበታለች። በዚህ ሥራ ስኖር አንድ ነገር ገብቶኛል፤ ውሃው የሚንጠባጠብበትና ቧንቧው የተሰነጠቀበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገናኝም። ይህንን ለአልማዜ ብነግራት «ልጄን ከቧንቧ ጋር ታወዳድራለህ?» ብላ አኮረፈችኝ።

ሶፊን ሲጥላት ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ይሆናል። ከሁሉ የሚቀድመው ከጎናችን የብረት በር የሚሠራው ጉተማ ነው። ብየዳውን ጥሎ «ክብሪት! ክብሪት ጫሩላት!» እያለ ይሮጣል። ጉተማ እንደ እሱ ያለ ደግ ሰው የለም፤ በደግነቱ የልጄን አፍንጫ ሊያቃጥለው ምንም አልቀረውም። ሶፊ ስትነቃ ውሃ አትጠይቅም፣ የት ነኝ አትልም። «ምን ቀን ነው?» ነው የምትለው። ዓርብ ነው ሲሏት ዓይኗን መልሳ ትጨፍናለች። ያቺን ዓይን ጭፈና ማየት ከመውደቋ የበለጠ ያመኝ ነበር።

ሐኪም ቤት አልወሰድናትም እንዳይባል ወስደናታል። ሐኪሙ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ የምትውጠው ኪኒን አዘዘላት። መውደቁ አልቆም ሲል ደጋግሞ ጠየቃት። እንቅልፍ ትተኛለች? መጠጥ ትቀምሳለች? ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ያስቸግራታል? ኪኒኑን ታቋርጣለች?

«አንድም ቀን አላቋረጥኩም» አለች ሶፊ።

«በሥላሴ! እኔ ራሴ ነኝ ቆጥሬ የምሰጣት» አለች አልማዜ።

እውነታቸውን ነበር። እውነት የተናገረን ሰው ምን ይሉታል? ሐኪሙ መጠኑን ጨመረላት። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ታንቀላፋ ጀመር፣ ረቡዕና ዓርብ ግን እንደነበሩ ናቸው።

የአልማዜ ጾም ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንኳን እህል፣ ውሃም በአፏ አይዞርም። ሶፊም ከልጅነቷ የእናቷ ልጅ ናት። እኔ ጨጓራ አለብኝ፤ ጨጓራዬ ከንስሐ አባታችን ቀድሞ ፈቶኛል። በሽታው ሲበረታ እናትና ልጅ ጾሙን ይበልጥ አጠበቁት። ሳይነጋ ተነስተው ኪዳን ማድረስ ጀመሩ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ታዲያ በሽታው ረቡዕና ዓርብን ትቶ ሳምንቱን በሙሉ ወረሰው። አንድ ቀን ካውያ እንደያዘች ወድቃ ክንዷ ተላጠ። አልማዜ ጠባሳውን ቅባት እየቀባች «አየህ? ጾሙ አቃጥሎት ነው እንዲህ የሚሆነው» ትለኛለች።

ከዚያ ፋሲካ መጣና በሽታው ዝም አለ። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕም ዓርብም ጾም የለም፤ ሶፊም አንዴ እንኳ ሳትወድቅ ሰነበተች። ፊቷ ሞላ፣ ሳቋ ተመለሰ። አልማዜ ደስታዋን አልቻለችውም። «ትንሣኤው አሰረልን» አለች። «እንግዲህ ሳይፈታ ጠበል መውሰድ ነው። የሰኔ ጾም በገባ ቅዳሜ እንሄዳለን፤ ኪኒኑንም እዚያው ጥለን እንመለሳለን።»

«ኪኒኑን የጣልሽ ዕለት እኔንም አብረሽ ጣዪኝ!» ብዬ ጮህኩ። ስጮህ ደግሞ ለጉድ ነኝ፣ ጎረቤት ይሰማል።

ያረገበኝ የሶፊ ድምፅ ነው። «አባዬ ተው፣ ልሂድ» አለችኝ። «እኔ ውስጥ እግዜርን የሚጠላ ነገር እያለ እንዴት ተቀምጬ እበላለሁ?»

ለካ እናቷ ብቻ አይደለችም። ልጄ ራሷን እንዲህ ነው የምታየው። ስንት ዓመት ያሳደግኳት ልጅ፣ ድመት እንኳ የማታስደነግጥ፣ በገዛ ገላዋ ውስጥ ጠላት ተሸክማ እንደምትዞር አምናለች። ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ።

የሰኔ ጾም ሰኞ ገባ። ያን ዕለት ሱቅ ውስጥ አንድ ደንበኛ የመታጠቢያ ቧንቧ እያገላበጠ ዋጋ ይከራከረኛል። ሶፊ ከንፈሯ ደርቆ መኪናዋ ላይ ደገፍ ብላለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሻርፗን ጫፍ ፈታች፣ የሆነ ነገር አወጣች፣ በውሃ ዋጠች።

«ምንድነው እሱ?» አልኳት።

«ኪኒኔ ነዋ። የጠዋቱ።»

«የጠዋቱ? አሁን?»

«ጾም አይደል እንዴ አባዬ? ውሃ እንዴት እቀምሳለሁ? ስፈታ እወስደዋለሁ።» ከዚያ የተቆጣሁ መሰላትና ፈጠን ብላ «አስቀርቼ ግን አላውቅም» አለችኝ።

የቧንቧው ዋጋ ጠፋብኝ። ማታ የዋጠችው ኪኒን እስከ ማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ብቻውን ሊጠብቃት! በረቡዕ፣ በዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ በየቀኑ። በሃምሳው ግን ጠዋት ከቁርሷ ጋር ነው የምትውጠው። ስንጥቁ እዚህ ነበር፣ እኛ የሚንጠባጠብበትን ስናይ ከረምን። ደንበኛዬን «ነገ ና» ብዬ ሱቁን ዘጋሁ።

በማግሥቱ ሐኪሙ ዘንድ ሦስታችንም ሄድን። ሰምቶ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። ረፋድ ላይ መድኃኒቱ በደሟ ውስጥ እንደሚያንስ፣ ርሃቡና የተቆረሰው እንቅልፍ ሲጨመርበት መውደቋ የማይገርም መሆኑን ነገረን። መጠኑንም ወደ ቀድሞው መለሰላት። ወጥተን በሩ ላይ ስንደርስ አልማዜ «ሐኪም ጾም የመፍታት ሥልጣን አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «እንግዲያስ ሥልጣን ያለው ጋ እንሂድ» አልኳት።

ንስሐ አባታችን አባ ጥሩነህ ናቸው። ይህን ሁሉ ዘመን በሽታዋን ለእሳቸው እንኳ አልነገርናቸውም ነበር፤ የልጅቷ ስም እንዳይጠፋ ነው ነገሩ። ማዞሪያው በሙሉ ክብሪት ይዞ ሲሮጥ እኛ ከንስሐ አባት እንደብቃለን! አባ ጥሩነህ ተቆጡን።

«ሕመምተኛ በጾም እንደማይገደድ ማንን ጠይቃችሁ ነው ያጣችሁት? እኔ የሞትኩ መሰላችሁ?» አሉ። ወደ ሶፊ ዘወር ብለው ደግሞ «ጠዋት ቁርስሽን ብዪ፣ ኪኒንሽን ዋጪ። ጠበሉንም ከፈለግሽ ጠጪ። ሁለቱም ከአንድ ጌታ ነው የመጡት» አሏት።

የቅዳሜው የጠበል ጉዞ ቀረ። በማግሥቱ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ አልማዜ ውሃ በብርጭቆ፣ ዳቦ በሳህን አድርጋ ሶፊ ፊት አስቀመጠች። ልጅቷ እጇን አልዘረጋም አለች። «ብዪ፣ ያንቺን እኔ እጾምልሻለሁ» አለቻትና ያን ቀን የራሷን ጾም እስከ ምሽት ያዘችው። አልማዜ ግትር ናት፣ ፍቅሯም እንደዚያው ግትር ነው።

ክረምቱን በሙሉ ሰላም ሆነ። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አንድ ዓርብ ግን ሶፊ ዳቦውን አፏ አድርሳ መለሰችው።

«አባዬ፣ ጾሜን ስላስተወኝ ደስ ብሎት ቢሆንስ ዝም ያለው?»

«ምን ዓይነት ወሬ ነው ይሄ!» አልኩና እንድታግዘኝ ወደ አልማዜ ዞርኩ። አቀረቀረች። እሷም ይህንኑ ስታስብ ነው የከረመችው። ቢጥላት እሱ ነው፣ ባይጥላትም እሱ ነው። ለእንዲህ ያለ ክስ ምን ጠበቃ ይቆማል? አባ ጥሩነህም ሐኪሙም ያላወጡትን እኔ ባለቧንቧው ከየት አባቴ አወጣዋለሁ?

ፍልሰታ ተፈትቶ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የዩኒፎርም ሥራ እንደ ጎርፍ ወረደባት። ጨርቁን ቤት ወስዳ እንደምትሰፋ አውቃለሁ፤ «ተኚ» ስላት «ተኝቻለሁ» ትለኛለች። አንድ ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ ሱቅ ገባች። ኪኒኗን እኔ እያየሁ ዋጠች። ከዚያ የአንዲት ሕፃን ሸሚዝ ኮሌታ ላይ እንዳለች ጣላት።

አሁን የማደርገውን አውቃለሁ። በጎኗ አስተኛኋት፣ የተቆራረጠውን ጨርቅ ሰብስቤ ከራሷ ሥር አደረግኩ፣ መቀሱን አራቅኩ። ጉተማ ክብሪቱን ይዞ ከተፍ አለ።

«ጉተማ፣ ክብሪትህን ለምድጃህ!»

«እሺ ጋሼ ሀብቴ» አለና ኪሱ ከቶ፣ ሰው እንዳያፍናት በሩ ላይ ቆመልኝ።

በዚያው ሰዓት አልማዜ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ መጣች። ልጇን ስታይ ዕቃውን አስቀምጣ ተንበረከከች፣ እጇን ያዘች። ከዚያ ቀና አለች።

«ሀብቴ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ማክሰኞ።»

«የምን ጾም ነው?»

«ምን ጾም አለ? አንቺስ ምን ይዘሽ ነው የመጣሽው?»

ምሳ ዕቃውን አየችው። ዱለት ነበር፣ ቅቤው ጠርዙ ላይ ወጥቷል። ከዚያ ልጇ መሬት ላይ ተኝታ እያለች እልልታዋን አቀለጠችው።

ጉተማ ደነገጠ። «ጋሼ፣ እትዬ አልማዜንም ያዟቸው!» አለኝ። እኔ ግን ገብቶኝ ነበር፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ሶፊ እንቅጥቃጤው ለቀቃት፣ ትንፋሿ ተመለሰ። ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። እናቷ እያለቀሰች ትስቃለች።

«ምን ቀን ነው?» አለች ሶፊ።

«ማክሰኞ ነው ልጄ። ማክሰኞ! ዱለት ይዤልሽ መጥቼ።»

ዓይኗን ትጨፍናለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጨፈነችም። ጣራውን እያየች አሰበች።

«ማታ አልተኛሁም እማዬ» አለች። «ውሸቴን ነው፣ ስሰፋ ነው ያደርኩት።»

«አውቄያለሁ።»

«እና... በሽታ ብቻ ነው?»

አልማዜ የልጇን ግንባር በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«በሽታ ብቻ ነው» አለቻት።