በሩ ተዘግቷል

ወደ ኮምፒውተር መግቢያ የሆነውን «ፖርት» የሚለውን ቃል በ«በር» ያስቀየረኝ ሥራ አስኪያጃችን ነው። «በባዕድ ቃል የታጨቀ ደብዳቤ አልፈርምም፤ በቋንቋችን ጻፊልኝ» ብሎ ወረቀቴን መለሰልኝ። እሺ አልኩ። ምን ምርጫ ነበረኝ? የሆስፒታሉ የኔትወርክ ባለሙያ እኔ ብሆንም፣ ያለ እሱ ፊርማ ከውጭ የሚገባውን በሚቆጣጠረው ፋየርዎል ላይ አንዲት የትእዛዝ መስመር እንዳልነካ ታዝዣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የራጅ ማሽኑን የተከለው መሐንዲስ፣ ከቤቱ ሆኖ ለመጠገን እንዲመቸው ብሎ የበሽተኞች ምስል የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር ለውጭ ከፍቶት ሄደ። ለራሱ አድራሻ ብቻ ቢከፍት ምን ነበረበት? ለዓለም ሁሉ በረገደው! በቀን ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ የማላውቃቸው ሰዎች የይለፍ ቃል እየገመቱ ያንኳኳሉ። አንዱ ከተሳካለት ምስሉን ሁሉ ቆልፎብን ይሄዳል። ነገ ቀዶ ጥገና ያለበትን ሰው ሐኪሙ ምን አይቶ ሊቀደው ነው?

እናም በቋንቋችን ጻፍኩ፤ «በራጅ ክፍል በኩል ለውጭ ክፍት የሆነው በር ከመሐንዲሱ በቀር ለማንም እንዳይከፈት ይታዘዝልኝ።» «ኮምፒውተር»ም ባዕድ ቃል ነው ብዬ ተውኩት። ሞኝ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤው «ተፈጽሟል» የሚል ተጽፎበት ተመለሰ። እኔ ሳልነካው ማን ፈጸመው? ሮጬ ፋየርዎሉን አየሁ፤ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። ይሄኔ የራጅ ክፍሏ ነርስ እየተንጨረጨረች መጣች።

«የጓሮውን በር ያስቆለፍሽው አንቺ ነሽ አሉ! እግሩ የተሰበረ ሰው እየገፋሁ ሕንጻውን ልዙር?»

ወጥቼ አየሁ። ጡጫ የሚያህል ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ዘበኛው «መሐንዲሱ ሲመጣ ብቻ ክፈት ተብያለሁ፣ እህቴ» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር፤ ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ጌታዬ፣ እኔ ያልኩት የኮምፒውተሩን በር ነው!»

«ታዲያ ለይተሽ አትጽፊም? አዲስ ደብዳቤ አምጪ፤ ሰኞ አየዋለሁ።»

ሰኞ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ አይደል? ወርጄ ፋየርዎሉ ላይ ሁለት መስመር ጻፍኩ፤ መሐንዲሱ ይግባ፣ ሌላው ሁሉ ይከልከል። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

በማግስቱ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ «ያለ ፊርማ በመዝጋትሽ» ይላል። ፈርሜ እንድቀበል ሲጠራኝ እኔም አንድ ወረቀት ይዤ ገባሁ።

«መጀመሪያ እርስዎ ይሄን ይፈርሙልኝ፤ ከዚያ እኔም እፈርማለሁ» አልኩት።

ወረቀቱ እንዲህ ይል ነበር፤ «የበሽተኞች ምስል ያለበት ኮምፒውተር ዛሬውኑ ለማንኛውም ሰው ይከፈት። ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነቱን የምወስደው እኔ ነኝ።»

እንደ ልማዱ ብዕሩን አነሣ። ከዚያ ግን ቆም አለ። አራት ዓመት አብሬው ስሠራ አንድ ወረቀት እስከ መጨረሻው ሲያነብ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

አልፈረመም። እኔም አልፈረምኩም።