በጀልባዋ ጎን ላይ ያለው ጥገና

የቀዘፋ ክለቡ አለቃ ኮሎኔል ሃቨሪል ጓንቱን አውልቆ የጀልባዋን ጎን በጣቱ ዳሰሰ። ትናንት በግማሽ ፍጻሜው ከድልድዩ እግር ጋር ተላትማ የተሰነጠቀች ጀልባ፣ ዛሬ መጋጠሚያዋ እንኳ አይለይም።

«ማን ነው የጠገናት? ይህ የጨዋ ልጅ ሥራ አይደለም።»

ጀልባዋ የኤድጋር ፓስኮ ናት። የፍጻሜው ቀዘፋ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዓመታት የለፋው ለዚህ ቀን ነበር። ነገር ግን በእጁ ሥራ ደሞዝ የበላ ሰው በክለቡ ውድድር አይገባም። ኤድጋር ዛሬ መምህር ነው፤ በልጅነቱ ግን ከጆሳያ ዘንድ ተቀጥሮ ጀልባ ይሠራ ነበር። ይህን የሚያውቀው አሁን የክለቡ ጀልባ ጠባቂ የሆነው ጆሳያ ብቻ ነው።

«በክሪኬት አሸነፈኝ፣ በራግቢ ጭቃ አስጋጠኝ» አለ የፍጻሜው ተፎካካሪው ብላይዝ የጀልባ ቤቱን በር ተደግፎ። «በጀልባም ከደገመኝ እናቴ ቤት አታስገባኝም። ኮሎኔል፣ አጥብቀው ይጠይቁልኝ።»

ኮሎኔሉ አልሳቀም።

«እኔ ነኝ የጠገንኳት፣ ጌታዬ» አለ ጆሳያ።

ኮሎኔሉ የሽማግሌውን የተቆላመሙ ጣቶች አየ። «እስቲ ይህን ሳንቃ ላግልኝ።»

ጆሳያ መላጊያውን አነሳ። ጣቶቹ አልጨበጡለትም። መላጊያው ሳንቃው ላይ ነጠረ። እንደገና ሞከረ፤ ግንባሩን ላብ አቸፈቸፈው። ብላይዝ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።

«ቀጥል» አለ ኮሎኔሉ።

አሁንም መላጊያው አመለጠውና አውራ ጣቱን ላጠው።

«ይስጡኝ» አለ ኤድጋር።

«አርፈህ ቁም፣ ልጄ» አለ ጆሳያ በሹክሹክታ።

ኤድጋር ግን ተቀበለው። ኮቱን ሳያወልቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ገፋው። ፍቅፋቂው ሳይቆረጥ ተጠቅልሎ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ኮሎኔሉ ጓንቱን አጠለቀ። «አዝናለሁ፣ ፓስኮ።»

ከሰዓት በኋላ ብላይዝ፣ ተፎካካሪ ሲታገድ ደንቡ እንደሚያዘው፣ ፍጻሜውን ብቻውን ከመነሻው እስከ መድረሻው ቀዘፈ። ከዳር ያጨበጨበለት የለም። ኤድጋርና ጆሳያ ከጀልባ ቤቱ በር ላይ ሆነው አዩት።

«ውድድሩን የጣልከው ለዚህች ነው?» አለ ጆሳያ፣ ፍቅፋቂውን ወደ ብርሃን አንስቶ።

«ለእርስዎ ጣት ነው።»

ሽማግሌው አገላብጦ አየው።

«ጫፉ ላይ ወፍሯል» አለ። «ማስተማር እጅህን አበላሽቶታል።»