የሴፋኮር መቀጮ

ጋና ውስጥ፣ አሻይማን ከተማ የሚኖሩ የኤዌ ብሔር ሰዎች እድር አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ ስብሰባ ላይ ከኤዌ ሌላ ቋንቋ ያመለጠው ሰው አንድ ጠርሙስ አረቄ ይቀጣል። ሕጉን ያወጣነው ቋንቋችን ገበያውን በያዘው በትዊ ቋንቋ እንዳይዋጥ ነው ይላሉ። ይሁን፣ እንመናቸው። አረቄውን የሚጠጡት ግን እነሱው ናቸው፤ ሊቀመንበሩ ቶግቢ ክሉቼ ደግሞ ከሁሉም ቀድመው።

ሴፋኮር እድር እገባለሁ ብላ ከተነሣች ወዲህ የሽማግሌዎቹ ጉሮሮ ደርቆ አያውቅም። የትዊ አገር በሆነው ኩማሲ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን አሻይማን ገበያ ላይ ቀኑን ሙሉ በትዊ ያም የሚባለውን ሥራ ሥር የምትሸጥ ሴት ናት። ኤዌዋ እንደ አሮጌ መኪና ነው፤ ይነሣል፣ ዳገት ላይ ይቆማል። አባል ለመሆን አንድ ስብሰባ ያለ መቀጮ መጨረስ አለባት። አባል ካልሆነች ደግሞ እድሩ አባቷን በከበሮና በዘፈን አይሸኝላትም። አባቷ አግቤኮ ዕድሜውን ኩማሲ በአናጢነት ጨርሶ አሁን እሷ ቤት አልጋ ይዟል። ሞቱን አልፈራም። "እንደ ባዕድ እንዳትቀብሩኝ" ይላታል ነጋ ጠባ።

ቶግቢ ክሉቼ ተንኮላቸው ለጉድ ነው። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ጠብቀው፣ በአባትነት ፈገግታ፣ ያም ዛሬ እንዴት ዋለ ብለው ይጠይቋታል። የገበያ ነገር ከተነሣ ምላሷ ሳታዝዘው ወደ ትዊ ይሮጣል፤ ቁጥርማ በኤዌ ጭራሽ አይመጣላትም። ሽማግሌዎቹ ያጨበጭባሉ፣ ጠርሙሱ ይመጣል። አንዴ አፏን ዘግታ ብትቀመጥ፣ ዝም ያለ ሰው እንደ ቀረ ይቆጠራል ተባለች።

ያን እሁድ ግን ጥርሷን ነክሳ መጣች። ስለ ያም ሲጠይቋት፣ ሳምንቱን ሙሉ ከአባቷ ስታጠና የከረመችውን ኤዌ ሳታዛንፍ ዘረገፈችው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ደነገጡ ቢባል ይሻላል። ቶግቢ እንግዲያው ስብሰባው አበቃ ሊሉ በርጩማቸውን እየጎተቱ ተነሡና፣ የበርጩማውን እግር በሴፋኮር የእግር ጣት ላይ አሳረፉት። ሳላይ ነው የኔ ልጅ፣ አሉ። ከአፏ የወጣው የትዊ ስድብ ግን አይጻፍም።

ጠርሙሱ መጣ። እንደ ደንቡ ቶግቢ ቀድመው ለሙታን መሬት ላይ ጠብ አደረጉ፤ አያቶቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ ሴፋኮር ያመጣችላችሁን ተቀበሉ፣ አሉ። ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ሴፋኮር እጃቸውን ያዘች።

"ቶግቢ፣ አሁን ማንን ነው ያናገሩት?"

"አያቶቻችንን ነዋ።"

"ልጃችሁ ናት አሏቸው?"

"ብያለሁ። ታዲያስ?"

"እንግዲያው መልሰው ይጥሯቸው። ዋሽተናችኋል፣ ይቺ ልጃችሁ አይደለችም፣ አባቷንም አንሸኝም ይበሏቸው። ከዚያ ይጠጡ።"

ግማሹን የተናገረችው በትዊ ነበር፤ መቀጮ ያለ ግን የለም። ሴቶቹ ሳቃቸውን በሻሻቸው ጫፍ አፈኑ። ቶግቢ መሬቱን አዩ፣ ብርጭቆውን አዩ፤ ለሙታን ዋሽቻችኋለሁ ለማለት ማን ይደፍራል? ብርጭቆውን ቀስ ብለው አስቀመጡት።

"ይቺ ልጅ ጉድ ሠራችን" አሉ በመጨረሻ። "ከበሮውን አውጡ።"

ከሰዓት በኋላ እድሩ በሙሉ ሴፋኮር ደጃፍ ተሰለፈ። አግቤኮ ከበሮውን ሲያይ ከትራሱ ቀና ብሎ ገና አልሞትኩም እኮ አለ። እናውቃለን፣ የትኛውን ዘፈን እንደምትመርጥ ልንጠይቅህ ነው፣ አሉት ቶግቢ።

አግቤኮ በተሰነጠቀ ድምፁ ራሱ ጀመረው፤ ከወጣትነቱ ወዲህ ያልዘፈነውን የልቅሶ ዘፈን። እድርተኛው ተቀበለው፣ ከበሮው ተከተለ። ሴፋኮር በዕድሜዋ ሰምታው የማታውቀው ዘፈን ነበር። ታጨበጭባለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ቃሉ ግን አይመጣላትም፤ እንባዋ ብቻ ይወርዳል።

ሲጨርሱ ቶግቢ ሌላም እንበልልህ ወይ ብለው ጠየቁት።

"ተዉ፣ ይኼንኑ ድገሙልኝ" አለ አግቤኮ። "ልጄ ገና አልያዘችውም።"