ጉቶ ከቦታው አይነሳም

ልብስ ሰፊው ከነጋ አንድ ቦታ አልረጋም። ይነሳል፣ መስኮቱን ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል፣ መቀሱን ያነሳል፣ ያስቀምጣል። ወንበሩ ላይ እሾህ የተነጠፈበት ይመስላል። ጦሱ ከስልኩ ነው። ስልኩ ውስጥ የግላዲያተር ቡድን አለው፤ ሰይፍና ጋሻ የያዙ አምስት ተፋላሚዎች። ያሠለጥናቸዋል፣ ቁስላቸውን ያክማል፣ ማን ከማን ጎን እንደሚቆም ይወስናል። ፍልሚያው ከተጀመረ ግን የሱ ሥራ አበቃ፤ እጅ አጣጥፎ ማየት ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚሳሳለት ለጉቶ ነው። ጉቶ አንድ እጁ አጭር፣ ፊቱ የተረገጠ ድንች የመሰለ፣ ከምንም ተነስቶ ያሳደገው ተፋላሚ ነው። ዛሬ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ቡድኑ ከባለሉካንዳው ቡድን ጋር ይገጥማል፤ ባለሉካንዳው የሚስቱ ወንድም ነው። ያሸነፈ ከተሸናፊው አንዱን መርጦ ይወስዳል። ባለሉካንዳውም ጉቶን ወስዶ ለአንበሳ እንደሚጥለው፣ አጥንት እየከሰከሰ ለሰፈሩ ሁሉ አውጇል።

"የኔዎቹ ከሱዎቹ ይበረታሉ፤ ጉልበታቸው ተጽፎ ይታያል። ታዲያ ምን ነክቶኝ ነው የምሸነፈው?" አለ ልብስ ሰፊው፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ሚስቱ ከምትሰፋው የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ቀና ሳትል፣ "ያሸነፍከው መቼ ነበር?" አለችው።

"ጥርሴን የተነቀልኩ ቀን።"

"አየህ! ያን ቀን ጉንጭህን ይዘህ ስታቃስት ስልኩን አልነካህም። ሌላ ጊዜ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ አንዱን ፊት ሌላውን ኋላ እያልክ ታተራምሳቸዋለህ። ከጎኑ የቆመውን ያልለመደ ሰው ጋሻውን ለማን ብሎ ያነሳል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አንተ ሰውዬ።"

ልብስ ሰፊው የድሮ ፍልሚያዎቹን መልሶ አየ። እውነትም ቦታ በቀያየረ ቁጥር አንዱ ሲመታ ሌላው ጋሻውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆሞ ያያል። የጥርሱ ቀን ግን አንዱ ላንዱ ግድግዳ ሆኖለታል። ጨዋታው ጉልበትን በአደባባይ ይጽፋል፤ መተማመንን ግን ደብቆ ነው የሚቆጥረው።

"እንግዲያው ዛሬ አልነካም" ብሎ ስልኩን መደርደሪያው ላይ አኖረ።

አፉን ሳይዘጋ ባለሉካንዳው ኮቱን ይዞ ገባ። አንዲት ቁልፍ ላልታበት ኖሯል።

"አማቼ፣ ያን ጉቶህን ፊት አቆምከው አሉ? ኧረ ነውር ነው! ያ ባለቀንድ ተፋላሚዬ ቁርሱን ሊያደርገው ነው። ኋላ ብትሸሽገው ይሻልሃል፤ ለዝምድናው ብዬ ነው።"

"ለዝምድናው ካሰብክስ አጥንት አትመዝንብን" አለች እህቱ።

የልብስ ሰፊው እጅ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ነበር። ሚስቱ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ተመለሰ። ያኔ ነገሩ በራለት። ይህ ሰው ከየሽንፈቱ በፊት ሰበብ ይዞ መጥቷል፤ አንዴ የሱሪ ዚፕ፣ አንዴ የሽርጥ ማሰሪያ። አንድ ቃል ጥሎ፣ ሰልፉን አስቀይሮ ይሄዳል። ምስጢሩን ያውቅ ነበር!

"ኮትህን አምጣና ተቀመጥ። እዚሁ አብረን እናያለን" አለው።

ተቀመጠ። ምላሱ ግን አልተቀመጠም። ልብስ ሰፊው እጁን በላው፤ ምላጩን አንስቶ የላላችውን ቁልፍ ፈታ። ባለሉካንዳው በጉቶ አጭር እጅ ቀለደ፤ ኪሱ ተፈታ። ስለ አንበሳው ክርን የሚያህል ጥርስ ተረከ፤ ሌላም ስፌት ተፈታ። የልብስ ሰፊው ዓይን መደርደሪያው ላይ ነው፣ እጁ ጭኑ ላይ የሚያደርገውን አያውቅም።

ስድስት ሰዓት ሞላ፤ ሦስቱም ስልኩ ላይ ተደፉ። ባለቀንዱ ጉቶን ሊወጋ ሲንደረደር ከጉቶ ጎን የቆመው ጋሻውን ዘረጋ። ቀንዱ እዚያው ተሰንቅሮ ቀረ፤ ጉቶም በዚያችው በአጭሯ እጁ ጣለው። የቀሩትም አልቆዩም።

ባለሉካንዳው ላቡን ጠረገ። "ማን ነገረህ?"

"ጥርሴ።"

"በል የምትወስደውን ውሰድ። ኮቴን ስጠኝና ልሂድ።"

ልብስ ሰፊው ጭኑን አየ። እጅጌው ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ፣ ኮሌታው ለብቻ፣ ገበሩ መሬት ላይ። ባለሉካንዳው እጅጌውን አንስቶ ገለባበጠው። እህቱ በሳቅ ፈረሰች።

"ባለቀንዱን እወስዳለሁ" አለ ልብስ ሰፊው፣ ስልኩን ብድግ አድርጎ። "ከጉቶ በስተቀኝ ላቁመው ይሆን? ወይስ በስተግራ..."

ሚስቱ ስልኩን ከእጁ ነጠቀችና የተበታተነውን ኮት ሰብስባ አስታቀፈችው።

"መጀመሪያ ይህንን አሰልፍ።"