ለዓይን የተመቱ ምስማሮች

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. የቢቸናው ሰጠኝ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ወንበር ፈልፍሎ ለማውጣት ስምንት ወር ፈጀበት። እግሩም፣ መደገፊያውም፣ ክንዱም ከዚያው ከግንዱ የወጣ ነው፤ አንድም ቦታ አልተገጠመም። መደገፊያው ነፋስ እንደያዘው ነጠላ ወደ ኋላ ሸሸት ብሏል። አያቱ ወይዘሮ ይርጋነሽ ባዩት ቁጥር እንጨት መሆኑን ይረሱታል።

ሞጣ ላይ ግራዝማች ኃይለ ሚካኤል ባለ ቆርቆሮ አዳራሽ አሠርተው፣ ዐሥራ ሁለት ወንበር የሚሠራ አናጢ ይፈልጋሉ ተባለ። ሰጠኝ ወንበሩን በበቅሎ ጭኖ ተነሣ። ሥራው ካልተገኘ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ እወርዳለሁ ብሏል። ወይዘሮ ይርጋነሽ የሰጠኝን አባት፣ አንድ ልጃቸውን፣ የሁመራ ወባ በልቶባቸዋል፤ ስለዚህ መንገዱን ሁሉ እየተጨነቁ ተከተሉት።

ግራዝማች ፊደል በቅጡ ሳይለዩ ደረት ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሚሰኩ ሰው ናቸው። ወንበሩን አስገልብጠው ሆዱን እንደ ሙክት ደባበሱት።

«ምስማሩ የታለ?» አሉ።

ሰጠኝ ከአንድ ግንድ የወጣ ስለሆነ ምስማር እንደማያሻው አስረዳ። ግራዝማች ወደ አሽከሮቻቸው ዞረው ሳቁ። አሽከሮቹም ምኑ እንደሚያስቅ ሳያውቁ ሳቁ።

«ታዲያ ይኼ የሙቀጫ ወንድም ነዋ። የአዲስ አበባ ወንበር ምስማሩ ከሩቅ ያብረቀርቃል። እንዲህ ያለውንማ ባላገር ሁሉ ይጠርበዋል።»

ሰጠኝ መጫኛውን አንሥቶ መጠቅለል ጀመረ። ወይዘሮ ይርጋነሽ እጁን ሲያዩ፣ አባቱ ለሁመራ ስንቁን የቋጠረበት እጅ መጣባቸው። ግራዝማች ፊት ቀርበው፣ ልጁ ምስማሩን ረስቶት ነው፣ እስከ ነገ ይመታበታል ብለው ለመኑ። ከገበያም ምስማር ገዝተው ሰጡት።

«እናና፣ ምኑን ከምኑ ጋር ልምታው?» አለ ሰጠኝ።

«ለእንጨቱ አይደለም፤ ለእሳቸው ዓይን ነው። ምታው ልጄ።»

ሃያ አራት ምስማር መታ፤ አንዱም የሚይዘው ነገር የለም። በመጨረሻው ላይ የወንበሩ ክንድ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። ሰጠኝ መዶሻውን አስቀምጦ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

በማግስቱ ግራዝማች ምስማሮቹን አንድ በአንድ እየነኩ ቆጠሩ። ስንጥቁን አላዩትም። ተቀምጠው ግራ ቀኝ ተወዛወዙና ፊታቸው በራ።

«አሁን ወንበር ሆነ» አሉ። ዐሥራ ሁለቱንም እንዲሠራ፣ በምስማርም እንዳይሰስት አዘዙት።

ሰጠኝ እጅ ነሣ። ከግቢው ሲወጡ አያቱን ቀና ብሎ አላየም። ወይዘሮ ይርጋነሽ በልባቸው ግራዝማችን እስከ ሰባት ቤታቸው እየዘለፉ፣ ልጁ ወዴት እንደሚያቀና እግር እግሩን ያዩ ነበር። ሰጠኝ ወደ እንጨት ተራ ታጠፈ። እዚያም ግንድ አልጠየቀም፤ ጣውላ ጠየቀ።